ፍሬን ብቻዬን እንድጠግን ስለተፈቀደልኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከመኪና ማቆሚያው ትይዩ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በየጠዋቱ መስኮትዎ ላይ ቆመው የመኪና ማቆሚያውን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኙ ስለማይዎ ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወገብዎም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። የሚያሳስበኝ ጉልበትዎ ነው። እኔ ወዳለሁበት የሚያወርደው ደረጃ ያን ያህል ረጅም ሳይሆን፣ ሊሉኝ የፈለጉትን ሁሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እየለጠፉ ሲሉኝ ስለቆዩ ጉልበትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ እላለሁ።

ማን እንደሆንኩ ምናልባት ቢዘነጋዎ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ጥጓን ይዛ የምትቆመው ሰማያዊ አሮጌ መኪና ባለቤት ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለሆነ፣ ለአለቃ የተጻፈ ደብዳቤ የት ገብቶ እንደሚተኛ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ያስተኛሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስለዚህ ይህንን በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው ዓይነት ፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ድፍረቴን ይቅር እንዲሉ እለምናለሁ።

ማስታወቂያውን ላላነበቡ ጎረቤቶቼ ባጭሩ ላስታውስ። በግቢው ውስጥ በአሮጌ መኪና ላይ ኦርጅናል ያልሆነ መለዋወጫ መግጠም አይቻልም። ነዋሪ የገዛ መኪናውን መጠገን የሚችለው ብቻውን ሲሆን፣ ረዳት መያዝም ሆነ ሰው መሰብሰብ ወይም ከውጭ መካኒክ ማስገባት ክልክል ነው። በራሷ መንቀሳቀስ የማትችል መኪና ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተነሣች በጎታች ተነሥታ ወደ ብረት መጣያ ትሄዳለች። በዚህ ግቢ አሮጌ መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝና፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ አጀንዳ ይዞ፣ ድምፅ ሰጥቶ ለአንድ ሰው ሕግ ማውጣቱ ያልለመድኩት ክብር ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ በሰፊው ያሰበኝ የለም።

ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ፣ ጥቃቅን ሐሳቦቼን በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ ኦርጅናል ዕቃ

ኮሚቴው «ርካሽ ተመሳሳይ ዕቃ ለነዋሪው ሕይወት አስጊ ነው» ማለቱን ሳነብ፣ ለሕይወቴ የሚሰጋ ሰው መኖሩን አውቄ ልቤ ተነክቷል። ነገር ግን የመኪናዬ ፋብሪካ ለእሷ የሚሆን ዕቃ መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ በስሟ ኦርጅናል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቢኖር ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ እውነትም ያምራል፤ ውስጡ ያለውን ዕቃ ማን እንደሠራው ግን ካርቶኑም የሚያውቅ አይመስለኝም።

የፍሬን ማስተሯ፣ ማለትም መርገጫው ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማ የሚገፋው ዕቃ፣ ማንጠባጠብ ሲጀምር ወደ መለዋወጫ ሻጩ ሄድኩ። ይህን ሰው ሰፈሩ «ሚዛን» ይለዋል። ዕቃ ከመሸጡ በፊት አሮጌውን በአንድ እጅዎ፣ አዲሱን በሌላው እጅዎ ያስይዝዎትና ፊትዎን ያያል። ለእኔም ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንደኛው ያ ባለ ካርቶኑ ነበር፤ ከአሮጌው ይቀላል፣ ጠርዙ በደንብ አልተሞረደም፣ የውስጡን ላስቲክ በጥፍር ሲጫኑት እዚያው ሰርጉዶ ይቀራል። ሁለተኛው ስምም ምልክትም ሳይኖረው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ነው፤ እሱስ ቢያንስ ማን እንደሆነ አልዋሸም። ሦስተኛው የሌላ ድርጅት ሥራ ነው። ያ ድርጅት ድሮ ለመኪናዬ ፋብሪካ ራሱ ፍሬን ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ያንኑ ዕቃ በገዛ ስሙ ይሸጣል። ስሙም ወረቀት ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ አብሮ ወጥቷል። ውስጡን በጣት ሲዳስሱት ልሙጥ ነው፤ ክብደቱ ከአሮጌው እኩል ነው፤ ቢበላሽ የሚመልሱበት ዋስትናም አለው። ይህንኛውን ሳነሣ ሚዛን መልሴን ሳይጠብቅ ሌሎቹን ወደ መደርደሪያው መለሳቸው።

እንግዲህ በክቡርነትዎ ማስታወቂያ መሠረት ሕጋዊው ያ ላስቲኩ የሚሰረጉደው ነው፤ ወንጀለኛው ደግሞ እኔ የገዛሁት። ኦርጅናል ወዳድ መሆንዎን መቼም ግቢው ሁሉ ያውቃል። ለአዲሷ መኪናዎ ከዚያ ከሚያብረቀርቀው ካርቶን የወጣ የፍሬን ሸራ ካስገጠሙላት ወዲህ፣ ማታ በር ላይ ሲደርሱ የሚሰማው ጩኸት ሰዓት ለሌላቸው ነዋሪዎች ትልቅ አገልግሎት ሆኗል። በእነሱም ስም አመሰግናለሁ።

፪. ሰው ስለ መሰብሰብ

ማስታወቂያው «በየቅዳሜው የሚታየው ሕገ ወጥ ስብስብ» ይላል። የስብስቡን አባላት ላስተዋውቅዎ። አንደኛው ልብስ ሰፊው ነው፤ ስለ ወገብ ሕመሙ ለማውራት ይመጣል። ሁለተኛዋ ከተረኛነት የምትመለሰው ነርስ ናት፤ ትርፍ ጎማው ላይ ትቀመጥና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሳርፋለች። ሦስተኛው «አውቃለሁ» የምንለው ጡረተኛ የታክሲ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ ቁልፍ ነክቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ምን እንደተበላሸ ሳልነግረው አውቃለሁ ይላል፤ ስነግረውም አውቃለሁ ይላል፤ ተሳስተሃል ብለውም መሳሳቱን ያውቃል። እሱ ባለበት አንድ ቡሎን ለመፍታት የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ነበር። ማንም ደግሞ አይቸኩልም ነበር።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሁሉም ሕግ አክባሪ ሆነዋል። ልብስ ሰፊው ከሩቅ እጁን ያወዛውዝልኛል። ነርሷ በጓሮ በኩል ዞራ ትገባለች፤ አልፈርድባትም፣ ተከራይ ናት። «አውቃለሁ» የምንለው ሹፌር ግን ያሳዝነኛል። አጠገቤ ሲደርስ እርምጃውን ያቀዘቅዛል፣ ኮፈኑ ውስጥ በጎሪጥ አየት ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያ ምንም ሳይል ያልፋል። አንድ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ውጦ ሲያልፍ ማየት ቀላል አይደለም።

የኮሚቴዎ ዓላማ ጸጥታ ከነበረ ግቡን መቷል። ሳምንቱን ሙሉ ሳልናገር ሰንብቼ ዳቦ ሻጩን ደኅና ዋል ስለው፣ ድምፄ ሻክሮ የሌላ ሰው የሚመስለኝ ጊዜ አለ። ይህን ያህል ጸጥታ በገንዘብም አይገኝም።

፫. ብቻውን ስለ መሥራት

ማስተሩን ብቻዬን ፈታሁ፣ ብቻዬን ገጠምኩ፤ ሕጉ እንዳይጣስ ከራሴም ጋር አላወራሁም። ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ማስተር ሲገጠም በፍሬኑ መስመር ውስጥ አየር ይገባል፤ አየሩ እስኪወጣ ድረስ መርገጫው ወለል ድረስ ይሰምጣል እንጂ መኪናዋን አያቆምም። አየሩን ለማስወጣት አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን ይረግጣል፣ ሌላው ታች ተኝቶ ከጎማው ጀርባ ያለችውን የፍሬኑን አየር ማውጫ ቡሎን ይከፍታል፤ አየሩ ይተነፍሳል፣ ታች ያለው ይዘጋል፣ ላይ ያለው ይለቃል። ያለ ጊዜው ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ተያይተው አይደለም የሚሠሩት፤ አንዱ ሌላውን በድምፁ ብቻ አምኖ ነው።

በእኛ ቤት የምትረግጠው ባለቤቴ ነበረች። መኪና መንዳት አልተማረችም፤ እግሯ ግን ያን መርገጫ ከእኔ እግር በላይ ያውቀዋል። እኔ ከታች ርገጪ እላለሁ፣ እሷ ከላይ ረገጥኩ ትላለች፤ ልቀቂ እላለሁ፣ ለቀቅኩ ትላለች። በትዳር ውስጥ መኮራረፍ እንዳለ ክቡርነትዎም አይስቱትም። እኛም ተኮራርፈን በአንድ ጣሪያ ሥር ቃል ሳንለዋወጥ የሰነበትንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን መኪናዋ ስለማትጠብቅ፣ ፊቷን እንዳጠቆረች ትወርድና መሪው ኋላ ትቀመጣለች። ርገጪ፣ ረገጥኩ፣ ልቀቂ፣ ለቀቅኩ ስንባባል ቆይተን አራተኛው ጎማ ላይ ስንደርስ ኩርፊያው የት እንደገባ አናውቀውም ነበር። አንዳንዴ ፍሬኑ ምንም ሳይሆን አየር ገብቶበታል ያልኩበት ጊዜ አለ። እሷም ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ እያወቀች ትወርድ ነበር።

የኮሚቴው ሕግ «ብቻውን» በሚልበት ቦታ እኔ ቀድሜ ደርሼ እንደጠበቅኩት ለመግለጽ ያህል ነው ይህን ማውራቴ።

ቢሆንም ሕጉን ለማክበር ሞክሬያለሁ። የመጥረጊያ እንጨት በመቀመጫውና በመርገጫው መካከል ወትፌ ሠራሁ፤ እንጨቱ መርገጥ ይችላል፣ መልቀቅ ግን አያውቅም፤ በየጊዜው ከመኪናው ሥር ወጥቼ ላስለቅቀው ስመላለስ ዋልኩ። አንድ ሰው ብቻውን በቀጭን ቱቦና በጠርሙስ ሊሠራው የሚችልበት ዘዴም አለ፤ ያንንም አደረግኩት፤ የአየር ማውጫዋ ጥርስ ስላረጀ ከአንዱ በኩል ያወጣሁት በሌላው ተመልሶ ገባ። የበር ጠባቂውን ለአፍታ ርገጥልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ወደ መስኮትዎ ቀና ብሎ አየና እንጀራዬን አታሳጣኝ አለኝ። እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ ሊጠይቁኝ የሚችሉትን ራሴው ልመልስ። ጎትተህ ጋራዥ አትወስዳትም ወይ ይሉኝ ይሆናል። እችላለሁ። ጋራዡ ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ ሥራውንም የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ አስረክቤያት ወደ ቤቴ እንድመለስ ይነግሩኛል። ቤቴ ደግሞ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ማንም የለበትም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፍሬኑን እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከሰው ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። ፍላጎቴ ይህ ብቻ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ይሆናል ሕግ ያስፈለገው።

፬. ስለ ጎታቹ መኪና

በሕጉ መሠረት መኪናዬ ያለ ፍሬን ስለማትንቀሳቀስ ትወሰዳለች፤ በዚያው ሕግ መሠረት ደግሞ ፍሬኗ ያለ ሁለተኛ ሰው አይሠራም። ሁለቱን አንቀጾች ማን እንዳገናኛቸው ባላውቅም እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል። ወሩ እሑድ ያልቃል፤ ጎታቹ ሰኞ ጠዋት ይመጣል ተብሏል።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ፈርሜ ልለጥፈው ስዘጋጅ ግን ትናንት ቅዳሜ አንድ የሕግ ጥሰት ስለተፈጸመ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ራሴ ባሳውቅዎ ይሻላል ብዬ ወረቀት ጨመርኩ።

ያንን መጥረጊያ እንደገና ወትፌ መኪናው ሥር ተኝቼ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ከታች ርገጪ ብያለሁ መሰለኝ። አንድ ከዘራ ጎማው አጠገብ ሲቆም አየሁ፤ ከከዘራው ጎን ሁለት ነጠላ ጫማ። ከማን ጋር ነው የምታወራው ልጄ የሚል ድምፅ መጣ። ከመጥረጊያ ጋር ነው ማለት አፍሬ ወደ ውጭ ተንፏቀቅኩ። ወጥቼ ሳይ ወላጅ እናትዎ ናቸው። ደረጃ እንዳይከብዳቸው ብለው በኋለኛው ሕንጻ ምድር ቤት ክፍል የተከራዩላቸው፣ መስኮታቸውም ወደ ማጠራቀሚያው የሚያይ መሆኑን ያወቅኩት ትናንት ነው። እኔን መጥረጊያ ስወትፍና ስነቅል ሲያዩኝ እንደዋሉና አላስችል እንዳላቸው ነገሩኝ። ሕጉን አስረዳኋቸው፤ ያወጣውም ልጅዎ ነው አልኳቸው። አሰቡበትና እኔ መካኒክ አይደለሁ፣ ስብስብም አይደለሁ፣ አንዲት አሮጊት ነኝ ብለው የሾፌሩን በር ከፈቱ።

በሕይወታቸው መሪ ኋላ ተቀምጠው አያውቁም። መቀመጫውን ወደፊት ሳብኩላቸው፣ ከዘራቸውን ከጎን አስቀመጥኩ፣ የትኛው መርገጫ እንደሆነ በእጄ እግራቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ታች ገብቼ ይርገጡ ስላቸው እሺ ልጄ አሉ። ይልቀቁ ስላቸውም እሺ ልጄ አሉ። መርገጣቸውን ከመልቀቃቸው መለየት ስላልቻልኩ የወጣው አየር ሁሉ ተመልሶ ገባ፤ እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበሳጭ ነበር። ልጄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ዘመን ስለሆነኝ፣ ሥራውን ባይጨርሱልኝ ብዬ እንደተመኘሁ ለኮሚቴው አልደብቅም። በመጨረሻ ዘዴ አገኙ፤ ሲረግጡ በከዘራቸው በሩን አንድ ጊዜ ያንኳኳሉ፣ ሲለቁ ሁለቴ። ጸሐይዋ ከማጠራቀሚያው ጀርባ ስትገባ ከአንደኛው የኋላ ጎማ አንዲት አረፋ የሌለበት ጥርት ያለ ዘይት ወረደ። መርገጫውም ከእግራቸው ሥር ትንሽ ጠጠር አለ፤ እምቢ አለኝ እኮ ብለው ሳቁ።

ከመኪናው ቶሎ አልወረዱም። እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ቆዩና፣ መኪናዋ ስትሠራ ከግቢው በር ታወጣኝ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። የት መሄድ እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ ወዴትም፣ ሰው ወዳለበት አሉኝ። የምወስድዎ የቀሩት ሦስት ጎማዎች አየራቸው ሲወጣ ነው አልኳቸው። ጉልበታቸው ስለዛለ የቀረውን ሌላ ቀን እንሠራለን ተባብለናል፤ ያ ሌላ ቀን ከሰኞ በፊት እንደማይደርስ ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እንግዲህ ጥሰቱ ይህ ነው። ረዳት ይዣለሁ፣ ሰው ሰብስቤያለሁ፤ ባለ ካርቶኑንም አልገጠምኩም። ቅጣቱ እንዲከፋፈል ከተፈለገ ግማሹን የሚቀበሉት የት እንደሚገኙ ክቡርነትዎ አይስቱትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለጤንነቴ ስላሰቡ፣ ለጸጥታዬ ስለደከሙ፣ ብቻዬን የመሆን መብቴንም በጽሑፍ ስላረጋገጡልኝ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ዘመንዎ የረዘመ፣ ወንበርዎ የጸና፣ መስኮትዎም የጠራ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለችው ሰማያዊ መኪና ባለቤት፣
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁኑ ሕገ ወጥ ስብስብ

ማሳሰቢያ፦ መኪናዬን ስለምወዳት ጎታቹን ጥቂት ቀን እንዲያዘገዩልኝ ልለምንዎ አስቤ፣ ስለዚሁ ዛሬ ጠዋት እናትዎን አማክሬያቸው ነበር። ደንግጠው እንዳታደርገው ልጄ አሉኝ። ጎታቹ ከመጣ ልጃቸው ለማስፈረም እስከ መስኮታቸው ሥር መውረዱ አይቀርም ብለው፣ ሰኞ የሚለብሱትን አውጥተው ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። እኔም ልመናዬን ትቼዋለሁ፤ ጎታቹን ይላኩት፣ ግን እባክዎን አብረውት ይምጡ።